ለአባቴ መንገድ መጥበሻ ስመርጥ

እናቴ ለአባቴ መንገድ የምትፈቅድለት በምን እንደሆነ የነገረችን ምሳ ላይ ነው። ዘይት ያልነካው ምግብ ራሱ አብስሎ ሲበላ በዓይኗ ካላየች ከጓደኛው ጋር የገዛት ሚኒባስ ከግቢው አትወጣም። ይህን ስትል ድምፅዋን አላነሳችም። የአባቴን ሳህን ወደ እሱ እያስጠጋች፣ ነገ ውሃ እንደሚጠፋ የምትነግረን ይመስል ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞረና፣ "እንግዲያው እሳቱን አንቺ ምረጪልን" አለኝ። እናቴም ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም በእኔ ላይ ያላቸው እምነት አስፈራኝ።

አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድቷል። ባለፈው ዓመት ልቡን አሞት ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ሐኪሙ ዘይትና ጮማ ከለከለው፣ ጨውም አስቀነሰው። ሥጋ ካማረህ ቀዩን፣ እሳት ላይ ብቻ ጠብሰህ ትበላለህ ተባለ። የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶችን እናቴ አታምናቸውም። እዚያ ሽሮው ራሱ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚመጣው ትላለች፤ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

በሾፌርነት ዘመኑ ሁሉ ከአባቴ ፊት ወይም ከኋላው ሌላ መኪና ይዘው ይነዱ የነበሩ አንድ ጓደኛ አሉት። የስልጤ ሰው ናቸው። እኔ "ጋሼ" እያልኳቸው ነው ያደግሁት። አሁን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የመኪና ዕቃ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ሁለቱ ባለፈው ክረምት አንድ አሮጌ ሚኒባስ በጋራ ገዝተው፣ ወንበሮቹን ነቅለው፣ ሁለት ጠባብ አልጋና መጋረጃ አስገጠሙላት። ሐሳባቸው ከጥምቀት በኋላ ወደ ሐይቆቹ ወርደው፣ ደስ ባላቸው ቦታ እያደሩ እስከ አርባ ምንጭ መዝለቅ ነው። አባቴ በእነዚያ ሐይቆች አጠገብ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አያውቀውም። አንድም ቀን ግን መኪናውን አቁሞ እጁን ውሃው ውስጥ አልነከረም። ሁልጊዜ ጭነት ነበረ፤ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው ነበረ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ስለሌላ ነገር ሲያወራ ብዙም አልሰማሁትም። አንዳንድ ቀን እንዲሁ ወደ ሚኒባሷ ይገባና መሪውን ይዞ ተቀምጦ ይቆያል።

ምርጫው ለእኔ የተሰጠኝ የተማርኩ ስለሆንኩና ጠንቃቃ ስለምባል ነው። የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር የማነብ እኔ ነኝ። በር ሁለት ጊዜ የምቆልፍም እኔ ነኝ። ቤተሰቤ ጥንቃቄ የሚለው ነገር ግማሹ ፍርሃት መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም።

ስድስት ኪሎ የምሠራበት ቢሮ ውስጥ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የምንፈልገው ከሥሩ ጋዝ የሚነድ፣ እንደ ሻንጣ ተዘግቶ የሚያዝ፣ ሥጋ የሚጠበስበት ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አልገባኝም። አንዱ ጽሑፍ ብረቱ ፍርግርግ መሆን አለበት ይላል፤ ጮማው ወደ ታች ይወርዳል። ሌላው ፍርግርግ ለንፋስ አይሆንም፣ ድፍን ብረት ነው የሚሻለው ይላል። የእሳቱን ኃይል የሚለኩት እኔ በማላውቀው ቁጥር ነው። የብረቱን ስፋት የሚናገሩት ደግሞ ስንት በርገር እንደሚይዝ እየቆጠሩ ነው። አባቴ በርገር በልቶ አያውቅም። አንድ በርገር ስንት ጉርሻ ጥብስ እንደሚሆን ለማወቅ ወረቀት ላይ ክብ ሠርቼ ሥጋ ስቆራርጥበት ራሴን አገኘሁት።

ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ክብደት፣ ቁመት፣ ወርድ፣ የንፋስ መከለያ፣ የጮማ መቀበያ፣ የእግሩ ዓይነት፣ ሲዘጋ ይንኳኳ እንደሆነ፣ ጋዙ በምን እንደሚገባ። ሠላሳ መስመር ያህል ደረሰ። በሞላሁት ቁጥር የማላውቀው ነገር የሚበዛ ሰንጠረዥ ነበር።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ምድጃ የገዛንበት ሱቅ የነበረበት ቦታ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ አገኘሁ። ቆሜ ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር መንገድ መጠየቅ አሳፈረኝ፤ ግን ጠየቅሁ። አንዷ ወደ ታች ወርደዋል አለችኝ፤ አንዱ ወደ ውስጥ ገብተዋል አለኝ። ሁለቱም በአገጫቸው ያመለከቱኝ አቅጣጫ ተቃራኒ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በልብስ ሱቆች መካከል፣ ከውጭ የመጡ የካምፕ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ጠቆሙኝ።

ባለሱቁ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ማውራት ጀመረ።

"ለቤት ነው ለሽርሽር፣ እህቴ?"

"ለመኪና" አልኩት።

"መኪና ውስጥ? ኧረ ሰው ልትፈጂ ነው።"

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ከመኪናው ውጭ፣ መኪናው ቆሞ፣ መሬት ላይ እንደሆነ ማስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ያወጣሁት ግን "ውጭ ነው" የሚል ቃል ብቻ ነው። እሱ አራት ዓይነት መጥበሻ ደረደረልኝ። አንዱን ሲያነሳ ከእሱ የሚበልጥ የለም ይላል፤ ሁለተኛውን ሲያነሳ የመጀመሪያው ለልጆች ነው ይላል። ሰንጠረዤን ከቦርሳዬ ማውጣት አፈርኩ። እጄን ቦርሳው ውስጥ አድርጌ ወረቀቱን እየነካሁ፣ አስቤበት እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን በቆርቆሮ ጋዝ የሚሠራ ትንሽ መጥበሻ ልገዛ ወስኜ ነበር፤ ቀላል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ቆርቆሮው ከታች ይሰካል፣ ሲያልቅ ይጣላል። ደግነቱ ወደ ቤት ስመለስ ድልድዩ አጠገብ ምድጃና የምድጃ ቱቦ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ጋ ቆምኩ። ጥያቄዬን በግማሽ ሰሙኝና፣ "እናት፣ ቆርቆሮው ሻሸመኔ ላይ ቢያልቅ ማንን ልትጠይቂ ነው?" አሉኝ። ያ ቆርቆሮ አዲስ አበባ ውስጥም በአንድ ሱቅ ብቻ እንዳለ፣ እሱም ሲመጣ እንጂ ሁልጊዜ እንደማይገኝ ነገሩኝ። ሲሊንደር ከሆነ ግን የትም ከተማ ባዶውን ሰጥቶ ሙሉውን መቀበል ይቻላል። እዚያው ቆሜ ሰንጠረዤ ላይ ስምንት መስመር ሰረዝኩ።

ሲሊንደር ሲባል ደግሞ አፉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ተረዳሁ። የጋዝ መቆጣጠሪያው ከሲሊንደሩ አፍ ጋር ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ቤት ገብቼ የእኛን ሲሊንደር አፍ ከላይ፣ ከጎን፣ በማስመሪያ እየለካሁ ፎቶ አነሳሁት። በሦስተኛው ቀን ለባለሱቁ ሳሳየው ስልኬን ተቀብሎ አጠገቡ ለነበረ ደንበኛ አሳየው።

"የሰው ፎቶ ትታ የሲሊንደር ጉርድ ፎቶ ይዛ መጣች" አለው። ከዚያ ወደ እኔ፣ "ተማሪያችን፣ ዛሬ ፈተናው ስንት ጥያቄ አለው?"

ሳቅሁ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ነው የሳቅሁት። ያን ቀን ግን ሰንጠረዡን አወጣሁት። ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከሁሉም የሚሻለው ሰፊ፣ አንድ ወጥ ብረት ያለው፣ ሙቀቱን እኩል የሚያዳርስና በትንሽ ሲሊንደር የሚሠራው እንደሆነ ተስማማን። ተስማማን ልበል እንጂ እሱ ተናገረ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ሆኖም ከመክፈሌ በፊት አባቴንና ጋሼን ልጠይቅ ብዬ አስቀምጥልኝ አልኩት።

አባቴን መጠየቅ አልጠቀመኝም። እሳት እሳት ነው ብሎ የሚኒባሷን ጎማ ንፋስ ማየቱን ቀጠለ። እሱ እሳቱን ሳይሆን ውሃውን ነው የሚያስበው። ወደ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። ብሎኖች በመጠናቸው እየለዩ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። በርጩማ ሰጡኝና፣ የነገርኳቸውን ሁሉ ስለ መቆጣጠሪያውም ስለ ንፋስ መከለያውም በትዕግሥት አደመጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ብረቱ አንድ ነው፣ ልጄ?"

"አዎ፣ አንድ ወጥ ነው። ሙቀቱ እኩል እንዲዳረስ" አልኳቸው። በሳምንቱ ውስጥ እርግጠኛ ሆኜ የመለስኩት ብቸኛ ጥያቄ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር።

"እሺ" አሉ፤ "አንቺ ያልሽው ይሁን።" ወደ ብሎኖቻቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ ለምን እንደጠየቁኝ ባስብ ኖሮ ሁለት ሳምንት አልደክምም ነበር። አላሰብኩም። በማግስቱ ገዛሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰብን። እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ሚኒባሷ ከቆመችበት የተረፈው ቦታ ለአንድ መጥበሻና ለአራት በርጩማ ብቻ ይበቃል። ቱቦውን ገጠምኩ፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀብቼ አረፋ እንደማይወጣ ሁለት ጊዜ አየሁ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ትመለከት ነበር። እሳቱ በመጀመሪያው ጭረት ተያያዘ። ሰማያዊ፣ እኩል፣ ጸጥ ያለ እሳት ነበር። እንዲህ ዓይነት እፎይታ ከተመረቅሁ ወዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አባቴ በጠዋት ያስመጣውን ቀይ ሥጋ ቆርጦ፣ ሳይቸኩል ብረቱ ላይ ደረደረው። ሙሉውን ብረት ሸፈነው። ሥጋው መንጫጫት ሲጀምር ጋሼ በግቢው በር ገቡ። በግራ እጃቸው ጥቁር ፌስታል ይዘው ነበር። ሰላምታ ሰጥተውን፣ መጥበሻውን ለማየት ጎንበስ አሉ። አዩት። ከዚያ ፌስታሉን ወደ ኋላቸው አዞሩት፤ እንደ ዋዛ ወደ ሚኒባሷ ተራምደው በሩን ከፍተው የሾፌሩ ወንበር ሥር አስቀመጡትና ተመልሰው ተቀመጡ።

አባቴ "ብላ እንጂ" አላላቸውም። እንደዚያ ማለት እንደማይገባ ያውቃል። "ምን ይዘህ መጣህ?" ብቻ አላቸው።

"ምንም። ለቤት ነው" አሉ ጋሼ። "እኔ በልቼ ነው የመጣሁት።"

የዚያን ጊዜ ገባኝ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው የእሳቸው ሥጋ ነው። ሙስሊም ያረደው ሥጋ ነው፤ አባቴ ብረቱን የሸፈነበት ደግሞ ክርስቲያን ያረደው። አንዱ የሌላውን አይበላም፤ በአንድ ብረት ላይም አይጠበስም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እዚህ አገር ማንም ሰው ይህን የሚያውቀው መቼ እንደነገሩት ሳያስታውስ ነው። ፋሲካ ሲሆን እናቴ ለጋሼ ዶሮ ከነነፍሱ ታቆይላቸዋለች፤ እሳቸው መጥተው ራሳቸው ያርዳሉ፣ በሌላ ድስት ይሠራል። ያንን ድስት ከልጅነቴ ጀምሮ ለብቻው ያጠብኩት፣ ለብቻው የደፋሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ መስመር ሰንጠረዥ ስሞላ ግን ስለ ብረቱ ውፍረት ሳስብ ብረቱ ላይ ማን እንደሚጠብስ አላሰብኩም። አንድ ወጥ መሆኑን እንደ ብልጫ ቆጥሬ ለሰውየው በኩራት ነገርኳቸው።

አባቴ አንዱን ቁራጭ አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ እሳቱን አጠፋ። ሥጋው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቡናማ ሆኖ ብረቱ ላይ ቀረ። "ቆይቼ እበላለሁ፣ አልራበኝም" አለ። ጠዋት ቁርስ አልበላም ነበር። ስለ ሚኒባሷ ባትሪ ማውራት ጀመሩ፤ ሁለቱም ሥጋውን አላዩትም።

እናቴ ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች። ተከተልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ብርጭቆ ታጥብ ነበር።

"አየሽው?" አለችኝ።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ። እኔን እየወቀሰች አልነበረም።

"አባትሽ ጓደኛው ሳይበላ አይበላም። እንደዚያ ኖሮ አያውቅም። መንገድ ላይ ደግሞ እንዲህ ሲሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ? ይህን ነገር ዘግተው ወደ ምግብ ቤት ይገባሉ፣ አንድ ሽሮ ያዝዛሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሽሮ ሁለቱንም አያጣላም። ልቡን ግን ይገድለዋል።" ብርጭቆውን ደፋችው። "አይሄድም። ንገሪው አልልሽም፣ እኔው እነግረዋለሁ።"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነገረችው። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ስመለስ አባቴ ሚኒባሷ ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በመስኮቱ በኩል ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ምንም አይደለም አለኝ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። እኔ ግን ሐኪሙ ያለውን አብሬው ሰምቻለሁ። ሐይቁ የትም እንደማይሄድ አውቃለሁ።

ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ መጥበሻውን በካርቶኑ ተሸክሜ ፒያሳ ሄድኩ። ባለሱቁ ግድግዳ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ወረቀት ለጥፏል። እስከዚያ ቀን ያየሁት አልመሰለኝም፤ ያን ቀን ግን ከእሱ ሌላ ምንም አልታየኝም። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሰው እስኪቀንስ ልጠብቅ ብዬ በር ላይ ቆምኩ፤ አንዱ ሲወጣ ሁለት ይገባል። በመጨረሻ እሱ ራሱ አየኝ።

"ተማሪያችን፣ ምን ጎደለ? አልነደደም?"

"ነደደ።"

"ታዲያ?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ሃይማኖት የሚባል ነገር ሱቅ ውስጥ፣ በማላውቃቸው ሰዎች መካከል አንስቼ አላውቅም፤ እንዴት ተብሎ እንደሚጀመርም አላውቅም። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና እሱን ሳይሆን ካርቶኑን እያየሁ ተናገርኩ።

"ሁለት ሰዎች ናቸው። አባቴ ክርስቲያን ነው፣ ጓደኛው ሙስሊም ናቸው። አንድ ብረት አይሆንም። ሁለቱ አብረው ካልበሉ አባቴ አይበላም፤ ካልበላ ደግሞ እናቴ መንገዱን አትፈቅድለትም።"

ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

"ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጋዝ ስትጠይቂኝ ከረምሽ እኮ" አለ። "ማን ሊበላ እንደሆነ ግን አንድ ቀን አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅሁሽም፣ እሱስ እውነት ነው። እኛ ጉራጌ ቤት እናቴ ክርስቲያን፣ አጎቴ ሙስሊም። ለበዓል ስንሰበሰብ ስንት ድስት እንደሚጣድ ብታዪ ሆቴል ነው የምትይው።"

ከኋላዬ የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ በእኛም ቤት እንደዚሁ ነው አሉ። ሌላዋ ሴት ሁለት ዓይነት ቢላም መያዝ እንዳለባቸው አስታወሰችኝ። ቢላውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስለ አባቴ ምግብ መከራከር ጀመረ። አንዱ መሐሉን በብየዳ ለሁለት ይክፈሉት ይላል፤ ሽማግሌው ጮማው ከሥር ይገናኛል፣ አይሆንም ይላሉ። እኔ ማንን እንደምሰማ ጠፍቶኝ መሐላቸው ቆምኩ። የገረመኝ ማንም አለመሳቁ ነው።

ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት ትናንሽ መጥበሻዎች አወረደ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ አረንጓዴ። እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። በሰንጠረዤ ላይ በጣም ትንሽ ብዬ መጀመሪያ የሰረዝኳቸው እነዚህን ነበር። ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ ሁለት አፍ ያለው፣ ለእያንዳንዱ አፍ የየራሱ መዝጊያ ያለው የነሐስ ማከፋፈያ አወጣ። አንድ ሲሊንደር፣ ከዚያ ሁለት ቱቦ፣ ሁለት እሳት።

"ጋዙን ይካፈሉት" አለ፤ "ጋዝ የሚያርደው ሰው የለም።"

ትልቁን ትመልስልኛለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ወደ ወረቀቱ ያመለክታል ብዬ ነበር። አላመለከተም። "የተጠበሰበት ነገር ነው። ነገ አንድ ሰው ሲገዛኝ የማን ሥጋ ነክቶታል ቢለኝ ምን እላለሁ? ዋሽቼ ልሽጠው?" አለኝ። ትክክል ነበር። ትልቁ እኛ ቤት ቀረ፤ እናቴ ድንች ትጠብስበታለች።

ሁለተኛው ሙከራ የሆነው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ሥጋ መሞከር አይቻልም፤ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ማከፋፈያውን በሳሙና ውሃ እየፈተንኩ ነበር። ጋሼን ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ስለ ብረቱ ሲጠይቁኝ ሳላስተውል ስለመለስኩ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ትከሻዬን ነኩኝ።

"ካወቅኸው ለምን አልነገርካትም ብሎ አባትሽም ተቆጥቶኛል" አሉኝ። "አንቺ ያን ያህል ደክመሽ መርጠሽ፣ እኔ በየት አፌ አይሆንም ልበልሽ?"

ይህ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። እኔ እሳቸውን አፍሬ ሳልጠይቅ፣ እሳቸው እኔን አፍረው ሳይነግሩኝ፣ አባቴ ሁለታችንንም አፍሮ ዝም ብሎ፣ በመሐል መንገዱ ሊቀር ነበር። ማን ማንን እንዳከበረ መለየት አቃተኝ።

ቅዳሜ ጋሼ ጥቁሩን መጥበሻ መረጡ። አባቴ አረንጓዴው ለአንተ አይሻልም ወይ ሲላቸው፣ "ዓይንህ ደክሟል፣ ሣር ላይ ጥቁር ነገር ረግጠህ ትወድቅብኛለህ፤ ደማቁን አንተ ያዝ" አሉት። አረንጓዴ ሣር ላይ አረንጓዴ መጥበሻ እንዴት እንደሚታይ ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሼ የአባቴን አያያዝ ይተቻሉ፣ አባቴ ደግሞ ሥጋህ ጫማ ሆነ ይላል። ጋሼ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደበሉ አባቴ የራሱን አነሳ። እናቴ ከበርጩማዋ ላይ ጎንበስ ብላ አፉን ታይ ነበር። ሦስተኛውን ሲውጥ ቀና አለችና ውሃ ልታመጣ ገባች። ውሃውን ስታቀብለው፣ "ሐሙስ ውጡ፤ ለዓርብ ድንችና ካሮት አዘጋጅቼላችኋለሁ" አለችው። አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ ቆየ።

ሐሙስ ጠዋት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወልኩላቸው። ንፋስ ይሰማል፤ ከንፋሱ ሥር ደግሞ ውሃ የሚመስል ነገር። አባቴ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያወራው። ሐይቁ ዳር ናቸው። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል፤ ጋሼ ሱሪውን ይዘውለት ነበር። ዓሣ ገዝተዋል፤ አሁን እየጠበሱ ነው።

"በየትኛው?" አልኩት።

"በጥቁሩ፤ በአሸዋ ፈግፍገን አጥበነዋል።"

"አረንጓዴውስ?"

"ከሻንጣው አልወጣም። ዓሣ እኮ ነው፣ ዓሣ የሚያርደው የለም፤ ሁለታችንም እንበላዋለን። ሐሙስም ትናንትም በአንዱ ነው የጠበስነው።"

አልገባኝም። ሦስቱንም ቀን በአንድ ብረት ከበሉ የመጀመሪያው ትልቁ መጥበሻስ ምን አጠፋ? ሱቁ ውስጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያን ሁሉ የተናገርኩት ለምን ነበር? ይህንኑ ጠየቅሁት። አባቴ ስልኩን ለጋሼ ሰጣቸው።

"ልጄ" አሉ ጋሼ፤ አፋቸው ሙሉ ነበር። "አንዱን ብቻ ይዘን ብንመጣ ኖሮ ዓሣ የግዳችን ነበር። አሁን ሁለቱም አሉ፤ ዓሣው ስላማረን ነው።"

ልዩነቱን ለመያዝ እየሞከርኩ ሳለ እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። አባቴን አቅርቡልኝ አለች። ደህና ናችሁ ወይ አላለችም፤ ሐይቁ እንዴት ነው አላለችም።

"ዓሣውን ዘይት ነክቶታል?"

መልሱ አልተሰማኝም፤ እናቴ ግን "እንግዲያው ብሉ" አለች። ከዚያም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ረጅም ጊዜ ንፋሱን ስታዳምጥ ቆየች።